መዝገቡ ከዕቃው ጋር

የድሮ አባቶች የገዳማቸውን የንብረት ዝርዝር የት ይጽፉት እንደነበር ታውቃላችሁ? ወንጌል ላይ። ወንጌል ሲጻፍ ከፊት፣ ከኋላ፣ በአንዱ ወንጌልና በሌላው መካከል ባዶ የሚተርፍ ብራና አይጠፋም። እዚያ ላይ «ለዚህ ገዳም ይህን ያህል ርስት ተሰጠ፤ ይህን ያህል ጽዋ፣ ይህን ያህል መስቀል፣ ይህን ያህል መጽሐፍ አለው» ተብሎ ይሰፍራል። ምስክሮቹ በስም ይጠራሉ። መጨረሻው ላይ ውግዘት አለ፤ የሰረቀ፣ የፋቀ፣ የሸጠ ሁሉ የተወገዘ ይሁን ይላል። እንዲህ ያለውን ወንጌል «ወንጌለ ወርቅ» ይሉታል።

ነገሩ ብራና ለመቆጠብ ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። ወንጌል ከታቦት ቀጥሎ የሚጠበቅ ንዋይ ነው። እሳት ቢነሣ፣ ጦር ቢመጣ ይዘውት የሚሸሹት እርሱን ነው። ዝርዝሩ ለብቻው ቢጻፍ ኖሮ ዕቃው ተርፎ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ወንጌሉ ላይ ሲጻፍ ግን መዝገቡና ዕቃው አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይሸሻሉ።

ከእነዚህ ወንጌሎች አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው ያሠሩት ይህ መጽሐፍ በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን መናገር ለምን እንዳስፈለገ ወደ ታች ስንወርድ ትረዱታላችሁ።) የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት፤ የገዳሙ ንብረትና የመጻሕፍቱ ዝርዝርም ተጽፎበታል። ዛሬ ግን የግእዝ መጻሕፍት ተመራማሪዎች፣ ጀርመን ይሁኑ አሜሪካ ወይም አዲስ አበባ፣ ይህንን መጽሐፍ የሚጠሩት በአጭሩ ነው፤ «ኢ ኤም ኤም ኤል 1832» ይሉታል። ሐይቅ ሳይሉ፣ ኢየሱስ ሞዓ ሳይሉ ይግባባሉ።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

ታሪኩ የሚጀምረው ጣሊያን ውስጥ ካለ አንድ ተራራ ነው። በፌብሩዋሪ 1944 የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች የሞንቴ ካሲኖን ገዳም በቦምብ አፈረሱት። መጻሕፍቱ ቀደም ብለው ወደ ቫቲካን ተጭነው ስለነበር ተረፉ። ባይጫኑስ ኖሮ? ጥያቄው የቤኔዲክታውያንን መነኮሳት እንቅልፍ ነሣቸው። በዚያ ላይ የአቶም ቦምብ ስጋት ተጨመረ። ስለዚህ በ1965 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የአውሮፓ ገዳማትን መጻሕፍት እየዞረ በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ። መጀመሪያ የሄዱት ኦስትሪያ ነው።

በ1973 ተራው የኛ ሆነ። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የግእዝ መጻሕፍትን አጥብቀው ይፈልጉ ነበር፤ መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆነው የተገኙት በግእዝ ብቻ ነውና። ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስምምነት ተደርጎ «የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት» ተቋቋመ። ኢ ኤም ኤም ኤል የሚባለው የእንግሊዝኛ ስሙ ምሕፃር ነው። በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ። የሚገርመው ሥራው አለመቆሙ ነው፤ በደርግ ዘመን ሁሉ ቀጥሎ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ ለአዲስ አበባ፣ አንዱ ለኮሌጅቪል።

እያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ይሰጠው ነበር። እዚህች ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፋት ነገር ናት። ቁጥሩ የመጽሐፉን ዕድሜ አይናገርም፣ የደብሩን ማዕረግ አይናገርም፣ ይዘቱንም አይናገርም። ተራ ቁጥር ነው። በ1973 መጽሐፉን «ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ይህ አውራጃ፣ ይህ ወረዳ» ብለው ሰይመውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙ ግማሹ ፈርሶ ነበር። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ሆነ፣ ክፍለ ሀገሩ ክልል ሆነ፣ አውራጃው ቀረ። 1832 ግን ምንም ስላልተናገረ ምንም አላበለም። ስም የሚያወጣ ሰው ዕውቀቱን ሁሉ ስሙ ውስጥ መክተት ያምረዋል። ብልሆቹ ስሙን ዝም ያለ ያደርጉትና ዕውቀቱን ለብቻው ይጽፉታል።

ዕውቀቱ የተጻፈው በካታሎጉ ነው። ከ1975 ጀምሮ ዐሥር ቅጾች ታተሙ። የመጀመሪያዎቹን ያዘጋጀው ዊልያም ማኮምበር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የሥራው ምሰሶ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሆኑ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1975 አዲስ አበባ ላይ በወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ አቃታቸው። ለሕክምና ወጥተው ሚኒሶታ ገቡ። እዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ መሄድ ያልቻሉባቸውን የሀገራቸውን አድባራት መጻሕፍት አንድ በአንድ በፊልም እያነበቡ ለአሥርተ ዓመታት መዘገቡ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። በ2021 ዐረፉ።

አንድ መጽሐፍ እንዴት ይመዘገባል? የማን ነው፣ ስንት ቅጠል አለው፣ ስንት ዓምድ፣ ስንት መስመር፣ ከየትኛው ቅጠል እስከየትኛው ምን ተጽፎበታል፣ ጸሐፊው ማነው፣ ያስጻፈው ማነው፣ በኅዳጉ ላይ ማን ምን ጫጫረበት። ከዚያ ማረጋገጡ ይመጣል። መጽሐፉ «በዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ ተጻፈ» ካለ፣ ንጉሡ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነውና የፊደሉ ቅርጽ ከዚያ ዘመን ጋር ይስማማል ወይ ተብሎ ይታያል። ካልተስማማ ወይ ከድሮ መጽሐፍ የተገለበጠ ነው፣ ወይ ስሙ ተፍቆ ሌላ ገብቶበታል፣ ወይም ሌላ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ይህን ፍርድ የሚሰጠው ፊደሉን ሲያይ ዘመኑ የሚገባው ሰው እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ዐሥረኛው ቅጽ በ1993 ሲወጣ የደረሰው ቁጥር 5000 ላይ ነበር። ከ4000 በላይ የሚሆኑት መጻሕፍት ፊልማቸው ተነሥቶ፣ ቁጥራቸው ተሰጥቶ፣ የታተመ ካታሎግ ግን ሳይኖራቸው ቀሩ። ፊልሙ አለ። ግን «የእገሌ ገድል የትኛው ጥቅል ውስጥ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመጽሐፍ ገልጦ የሚያገኘው መልስ አልነበረም። ዛሬ ብዙዎቹ ፊልሞች ወደ ዲጂታል ተለውጠው መግለጫቸውም እየተጻፈ በኢንተርኔት ይነበባሉ። በመካከሉ የነበሩት ዓመታት ግን ቀላል አልነበሩም።

አሁን ወደኛ ዘመን እንምጣ። አንድ ስሙን የማልጠራው ተቋም ውስጥ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ለማየት ሄጄ ነበር። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ ሻይ አስመጣልኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ሃርድ ዲስክ አወጣ። ከፈትነው። አንድ ፎልደር ውስጥ «አዲስ ፎልደር» የሚል ፎልደር አለ። በውስጡ «አዲስ ፎልደር 2» አለ። በእርሱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች፣ ካሜራው በሰጣቸው ቁጥር ተደርድረዋል።

«ይኼ የየት ደብር ነው?»

«እሱን የሚያውቀው ያነሣው ልጅ ነበር።»

«የት አለ?»

«ለቀቀ።»

ፎቶዎቹ እጅግ ጥራት አላቸው። ከማይክሮፊልሙ ጋር አይወዳደሩም፤ የቀለሙ ቅላት፣ የብራናው ስፌት ሳይቀር ይታያል። ግን አንዱ መጽሐፍ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። በዚያው መሥሪያ ቤት አንድ ጠረጴዛ ሲገዛ ሞዴል 19 ተቆርጦ፣ ቁጥር ተለጥፎበት፣ በንብረት ክፍል ገቢ ሆኖ ነው። ሲወጣም ሞዴል 22 ይሞላል። የስድስት መቶ ዓመት መጽሐፍ ምስል ግን ሞዴል 19 የለውም።

ይህ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትም በዚሁ ታምሰዋል። ስካን የተደረገ መጽሐፍ፣ የተቀዳ ድምፅ፣ ካርታ፣ ፎቶ ሁሉም በየኮምፒውተሩ ተበትኖ ነበር። በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳንድራ ፔየትና ካርል ላጎዝ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ንድፍ አወጡ። ስሙን «ፌዶራ» አሉት፤ የረጅም እንግሊዝኛ ስም ምሕፃር ነው፣ ግን የባርኔጣ ስምም ነው። (ፌዶራ የሚባል የሊኑክስ ሶፍትዌርም አለ፤ ሌላ ነው፣ እንዳታምታቱት። በስሙ የተነሣ ሁለቱ ወገኖች ተወዛግበው ነበር።) የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ንድፉን ወደደው፣ የሜሎን ፋውንዴሽን ገንዘብ ሰጠ፣ በ2003 የመጀመሪያው ሶፍትዌር ወጣ። በ2002 ደግሞ ኤም አይ ቲና ኤች ፒ «ዲስፔስ» የተባለውን አውጥተዋል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚያኖረው በእርሱ ነው።

የፌዶራ ሐሳብ ሲፈታ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ፋይል ነው። ቤተ መጻሕፍት የሚያውቀው ግን መጽሐፍ ነው። አንድ መጽሐፍ 300 ፎቶ፣ አንድ መግለጫ፣ ምናልባት አንድ የጽሑፍ ግልባጭ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ጥቅል አድርገን «ዕቃ» እንበለው አሉ፤ ዲጂታል ዕቃ። ለጥቅሉ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጠዋል። መግለጫው በውስጡ ይቀመጣል። ምስሎቹ እያንዳንዳቸው ከነዓይነታቸው ይመዘገባሉ። ዕቃው ከሌላ ዕቃ ጋር ያለው ዝምድናም ይጻፋል፤ ይህ ገጽ የዚያ መጽሐፍ ነው፣ ያ መጽሐፍ የዚህ ስብስብ ነው ይባላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የታሪክ መዝገብ አለ፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ለወጠ። የገባው በሞዴል 19 ነው፣ የተነካካው በፊርማ ነው እንደማለት ነው። በ2008 በወጣው ሦስተኛው ትውልድ ላይ ደግሞ ለየዓይነቱ ዕቃ ደንብ ማውጣት ተቻለ፤ «መጽሐፍ ነኝ የሚል ዕቃ እነዚህና እነዚህ ነገሮች ሊኖሩት ይገባል» ይባላል፣ ይዘቱም በዚያ ይመዘናል።

መግለጫው የሚጻፍበትም ደንብ አለ። ስሙ «ደብሊን ኮር» ነው። ደብሊን ሲባል አየርላንድ እንዳትሄዱ፤ ኦሃዮ ውስጥ ያለችው ትንሿ ደብሊን ናት። በ1995 እዚያ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የጀመሩት ሥራ 15 ሣጥኖች ያሉት ቅጽ ወለደ፤ ርእስ፣ ደራሲ፣ ቀን፣ ቋንቋ፣ ዓይነት፣ መብት እያለ ይቀጥላል። ቀላል ስለሆነ ዓለም ተቀበለው።

ቀላልነቱ ለኛ ሲሆን ግን ጣጣ አለው። ደራሲ የሚለውን ሣጥን ውሰዱ። በፈረንጅ ቤተ መጻሕፍት ልማድ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ ጌታቸው ኃይሌ «ኃይሌ፣ ጌታቸው» ተብለው ይገባሉ። ልጅ ለፍቶ የጻፈውን አባት በደራሲነት ይረከባሉ። ኃይሌ የተባለ አባት ያላቸው ምሁራን ሁሉ አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ። ስሙን በግእዝ ፊደል እንጻፈው ብንልስ? «ኃይሌ» ነው፣ «ሃይሌ» ነው፣ «ሀይሌ» ነው፣ ወይስ «ኀይሌ»? ለኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ አራት ሰዎች። «ሥላሴ»ን በንጉሡ ሠ የሚጽፍና በእሳቱ ሰ የሚጽፍ መዝጋቢ በአንድ ቢሮ ከተቀመጡ አንዱ ያስገባውን ሌላው ፈልጎ አያገኘውም። መፍትሔው አለ፤ ለሰውየውም እንደ መጽሐፉ ቁጥር ሰጥቶ፣ የስሙን አጻጻፎች ሁሉ በቁጥሩ ሥር ማስፈር። ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊሠራው ይገባል።

የቀኑ ሣጥን ይብሳል። ማሽኑ ቀን ሲቀበል ቅርጹን ይመረምራል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ወሩ ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት። እንግዲህ ጳጉሜን 3 የተጻፈ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ። 13ኛ ወር? «ስሕተት» ይላችኋል። ጥቅምት 30ንም ሁለተኛ ወር ብላችሁ ብታስገቡ «ፌብሩዋሪ 30 የለም» ብሎ ይመልሳችኋል። እነዚህ እንኳ ደግ ስሕተቶች ናቸው፣ ይጮኻሉና። ክፉው ዝም የሚለው ነው። መዝጋቢው «ፎቶ የተነሣው በ1966» ብሎ ይጽፋል። አብዮቱ የፈነዳበት የኛ 1966 ነው? ወይስ የፈረንጆቹ፣ ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ የሚቀድመው? ማሽኑ ሁለቱንም በደስታ ይቀበላል። አራት አኃዝ ነው፣ ቅርጹ ልክ ነው፣ አለፈ። የብራና መጻሕፍት ላይማ ዓመተ ዓለም አለ፣ ዓመተ ሰማዕታት አለ፣ ዓመተ ምሕረትን በ532 ዓመት ዐውድ የሚቆጥሩ ጸሐፍትም አሉ። ማሽን የሚያውቀው ሣጥኑ በደንቡ መሞላቱን ነው፤ የተሞላው እውነት መሆኑን የሚያውቀው ያው ፊደሉን አይቶ ዘመኑ የሚገባው ሰው ነው።

ማሽኑ ከሰው የሚበልጥበት ሥራም ግን አለ። ቆጠራ።

የዕብራይስጡን ብሉይ ኪዳን የጠበቁት ማሶራውያን የሚባሉ ሊቃውንት በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ቁጥሮቹ ስንት እንደሆኑ ይጽፉ ነበር። ኦሪት ዘፍጥረት 1534። ቀጥሎ የሚገለብጠው ሰው ጨርሶ ሲቆጥር 1533 ከመጣበት አንድ ዘሏል። የትኛውን እንደዘለለ አይነግረውም፤ መዝለሉን ግን ይነግረዋል። የዲጂታል ማኅደሮች የሚጠቀሙበት «ቼክሰም» የዚህ የልጅ ልጅ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ፎቶም ይሁን ጽሑፍ የቁጥር ሰልፍ ነው። ሰልፉን በአንድ ስሌት ሲያሳልፉት አንድ ማኅተም የሚመስል ቁጥር ይወጣል። ከሚሊዮኖቹ አንዷ ብትለወጥ ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። ተራ ድምር ቢሆን ሁለት ፊደላት ቦታ ሲለዋወጡ አይታወቅም ነበር፤ ድምራቸው ያው ነውና። ስለዚህ ስሌቱ ቦታንም እንዲቆጥር ተደርጎ ነው የተሠራው። በ1991 ሮናልድ ሪቨስት ያወጣው ኤም ዲ 5 ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ሰው ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን ለአንድ ማኅተም ሊያበቃ እንደሚችል በ2004 ከታየ በኋላ ግን ጠንከር ወዳሉት ተዛወሩ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሃርድ ዲስክ ያረጃል። ሲያረጅ ሁልጊዜ አይጮኽም፤ አንዳንዴ ከ300ው ፎቶ የ214ኛውን አንድ ጥግ በዝምታ ያበላሻል። ማኅተሙ ካልተመዘገበ፣ የተበላሸውን ጤነኛው ላይ ገልብጣችሁ «ባክአፕ አደረግሁ» ትላላችሁ። ጥሩ ማኅደር በየጊዜው ማኅተሙን እንደገና ያሰላል፣ ከተመዘገበው ጋር ያነጻጽራል፣ ካልተስማማ ሌላ ከተማ ካለው ቅጂ ጤነኛውን ያመጣል። ለዚህ ነው የአዲስ አበባና የኮሌጅቪል ሁለት ቅጂ በ1973ም ትልቅ ሐሳብ የነበረው።

ማኅተሙ ልክ ሆኖ ፋይሉ የማይረባበት ጊዜም አለ። ከ1999 በፊት በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ያለው ሰው ያውቀዋል። ያኔ እያንዳንዱ የግእዝ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላቱን በራሱ ልማድ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ቦታው 256 ብቻ፣ የኛ ፊደል ከነአኃዙ ከዚያ በላይ፤ ስለዚህ አንዱን ፊደል ለሁለትና ለሦስት ፎንት የከፈሉም ነበሩ። በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለግእዝ የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ በፊት የተጻፈውን ስትከፍቱት ግን የነጥብና የጭረት ዝናብ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አንዲት ቁጥር አልተለወጠችም፤ ማኅተሙን ብታሰሉት ይስማማል። የጠፋው «ይህ በእገሌ ፎንት ተጻፈ» የሚለው አንድ መስመር ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት ያልታተመ ልብ ወለድ በዚያች አንድ መስመር እጦት ፍሎፒ ዲስክ ውስጥ ተቀብሮ ይሆን?

ፌዶራ ራሱ በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ተምሯል። በ2014 አራተኛው ትውልድ ሲወጣ ብዙ ዘመናዊ ነገር ተጨመረለት፣ ግን ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት መንገድ ለራሱ ለሶፍትዌሩ እንጂ ለሰው ዓይን የማይገባ ሆነ። ሰርቨሩን ከፍቶ ዲስኩን ያየ ሰው መጽሐፉን ሊያውቀው አይችልም፤ ሶፍትዌሩ ሲተረጉምለት ብቻ ነው የሚገባው። የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ፈሩ። ሶፍትዌር ይሞታል፤ ሲሞት መዝገቡን ይዞ ከሞተ ዕቃው ወላጅ አልባ ይሆናል። ስለዚህ በኦክስፎርድ ስም የሚጠራ አንድ የአቀማመጥ ደንብ ተስማሙ፤ በ2020 ጸደቀ፣ በ2021 የወጣው ስድስተኛው ፌዶራ በእርሱ ይሠራል።

ደንቡ እንዲህ ይላል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ፎልደር ይኑረው። በዚያው ፎልደር ውስጥ ማንም በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ሊከፍተው የሚችል ዝርዝር ይቀመጥ፤ ስሙም «ኢንቬንተሪ»፣ የንብረት መዝገብ ማለት ነው። መዝገቡ የፋይሎቹን ስምና ማኅተም ይያዝ። የመዝገቡም የራሱ ማኅተም ከጎኑ ይቀመጥ፣ የፋቀው ሰው ቢኖር እንዲታወቅ። ማስተካከያ ሲመጣ አሮጌው አይሰረዝ፤ አዲሱ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባለ ከጎኑ ይደርደር። ሶፍትዌሩ ቢጠፋ፣ ድርጅቱ ቢዘጋ፣ ዲስኩን ያገኘ ሰው ፎልደሩን ከፍቶ ምን እንደሆነ ያነባል። የሐይቅ መነኮሳት ይህን ቢሰሙ ብዙ የሚደነቁ አይመስለኝም። «ውግዘቱስ የት አለ?» ይሉ ይሆናል እንጂ።

ሃርድ ዲስክ በመሳቢያ ላላችሁ ሰዎች ሰርቨር ግዙ፣ ፌዶራ ትከሉ አልልም። ለአንድ መጽሐፍ አንድ ፎልደር፤ ለፎልደሩ ዝም ያለ ቁጥር። በውስጡ አንድ የጽሑፍ ፋይል በዩኒኮድ፤ የየት ደብር እንደሆነ፣ ማን በማን ፈቃድ እንዳነሣው፣ መቼ፣ ከቀኑ አጠገብም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.»። የማኅተም ዝርዝር የሚያወጡ ነፃ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። ከዚያ ሁለተኛ ቅጂ፣ ሌላ ከተማ። ያነሣው ልጅ ሳይለቅ መሥራት ነው እንጂ ለአንድ መጽሐፍ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀዳ ያህል ጊዜ ቢወስድ ነው።

ዋሽንግተን የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አንድ ሰብሳቢ በስጦታ ያበረከተለት የኢትዮጵያ መጻሕፍት ስብስብ አለው። መጻሕፍቱ ለዓመታት ከተቀመጡ በኋላ ባለሙያዎች አንድ በአንድ መመዝገብ ጀመሩ። ሲመዘግቡ አንዱ፣ ቁጥሩ 150 የሆነው፣ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ንብረት መሆኑ ተደረሰበት። ዩኒቨርሲቲው በ2016 መለሰው። በሣጥን ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ተጠብቆ ነበር፤ ሳይመዘገብ ቢቀር ኖሮ እስከዛሬም እዚያው በጥሩ ሁኔታ ተጠብቆ ይቀመጥ ነበር።